የእህቴ ባል በድስት ክዳን ያቀደው ጉዞ

የእህቴን ባል ሰፈሩ በሙሉ ይሁን እያለ ነው የሚጠራው። ስሙ አይደለም። ስሙን እኔ እንኳ የሰማሁት በሠርጉ ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠራበት አልሰማሁም። ሰው የጠየቀውን ሁሉ «ይሁን» ስለሚል ነው እንዲህ ያሉት። ጣራ አግዘኝ ሲሉት ይሁን። ልጄን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ ሲሉት ይሁን። መሰላል የተዋሰው ሰው መሰላሉን ሳይመልስ መዶሻ ሊዋስ ሲመጣም ይሁን። እህቴማ «እኔንም ያገባኝ እኮ አባቴ ሲጠይቁት እንቢ ማለት አቅቶት ነው» ትላለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይደለም አይልም።

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፣ መጻፉም ቢሆን ቀስ እያልኩ ነው። ግን ያን ሰሞን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬው ነበርኩና ያየሁትን እንዳየሁት ላስቀምጥ።

የምንኖረው ደሴት ላይ ነው። መሐሉ ተራራ፣ ተራራው ጫካ፣ ዙሪያው ባሕር። ሙቀቱ ልብስ ከገላ ጋር ያጣብቃል፣ ዝናቡ ሳይነግር መጥቶ ሳይሰናበት ይሄዳል። ከታች ከአሸዋው ዳር አንድ ትልቅ ሆቴል አለ። እኔ እዚያ አንሶላ እተኩሳለሁ። ይሁን ደግሞ የሆቴሉን ሣርና አጥር ሲከረክም ነው ዕድሜውን የገፋው። አንዳንዴ እንግዶች ጫካ መግባት ሲያምራቸው ይጠሩታል፣ መቀሱን አስቀምጦ ይዟቸው ይወጣል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነው። እህቴ ገና በሩ ላይ ስታየው «ዛሬ ጫካ ነበርክ» ትለዋለች።

ታዲያ ሆቴሉ የአትክልቱን ሥራ ለሌላ ድርጅት ሰጠና ሣር ከርካሚዎቹን ሁሉ አሰናበተ። ለይሁን የቀረው የመጋዘን ጥበቃ ነበር፣ እሱም ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከእኛ የአጎት ልጅ ዘንድ። «ቦታውን ይዤለታለሁ፣ ቶሎ ይምጣ» ብሎ ላከብን። እዚያ የሄደ ሰው ቤቱን በዓመት አንዴ ቢያይ ነው። ትንሿ ልጁ ይህን ከሰማች በኋላ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ «አባባ ዛሬ ነው የምትሄደው?» ማለት ጀመረች።

በዚህ መሐል የሆቴሉ የእንግዳ ክፍል ኃላፊ አስጠራችው። ልጅ እግር ናት፣ ግን ቀልድ አታውቅም። እኔ የተኮስኩትን አንሶላ ላደርስ በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እንግዶቻችን ሙሉ ቀን ከቤት ውጭ የሚውሉበት ጉዞ እንፈልጋለን» አለችው። «ጫካው፣ ዋሻው፣ ፏፏቴው፣ ዓሣ የሚታይበት ወሽመጥ፣ ሁሉም ባንድ ቀን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ሰው እዚህ በር ላይ መመለስ አለበት። አንተ አቅደህ አምጣ። አንድ ቀን እኔው ራሴ ከእንግዶች ጋር ወጥቼ አያለሁ። ከሆነ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ ከማዶ የሚያውቁትን አስመጣለሁ።»

«ይሁን» አለ።

ጉዞው ከሆነ እዚሁ ይቀራል፣ ካልሆነ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። ይኸው ነው።

ይሁን ነገር ሲያቅድ ወረቀት አይወድም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለና ትልቁን ድስት ደፋው፣ ተራራው እሱ ሆነ። ማንኪያዎቹ ወንዙ፣ የበርበሬው ሙቀጫ ዋሻው፣ የድስቱ ክዳን ወሽመጡ። ሁለት የሽንኩርት ራስ አምጥቶ እንግዶቹን አደረጋቸው። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ሽንኩርቶቹን በእጃቸው ያራምዳሉ። ሦስት ቀን እንዲህ ሲሆን እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተራራዬን መልስልኝ፣ ምሳ ልሥራበት!»

«ትንሽ ብቻ፣ ዋሻው ጋ ልድረስ።»

«ዋሻህ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ እንግዶችህ በማስነጠስ ያልቃሉ።»

ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፣ ወንዙም ተበተነ።

ከድስቱ በኋላ ደግሞ በእግር ነው። ያኔ እኔን ይዞኝ መውጣት ጀመረ። እኔ ወፍራም ነኝ፣ ዳገት ላይ ትንፋሼ ያጥርብኛል፣ ውሃ እፈራለሁ። ደክሞኛል ማለት ደግሞ አፌ ላይ አይመጣልኝም። ስሜንም እሱ ነው ዝምዬ ያለኝ። ለዚህ ሥራ የመረጠኝም ለዚሁ ነው።

«አየሽ ዝምዬ፣ እንግዳ ማለት እንዳንቺ ነው» አለኝ። «ቢደክመውም አይናገርም፣ ያፍራል። ጀግናውንማ ማንም ይመራዋል። አንቺ ከደረስሽ ግን ማንም ይደርሳል።»

እያሾፈብኝ ይሁን እያከበረኝ አላወቅኩም። ብቻ ከፊት ከፊት እየሄደ በጆሮው ትንፋሼን ያዳምጣል። ሳልናገር እግሬ የዘገየበት ቦታ ላይ ዘወር ይልና «እዚህ ጋ ዛፍ እናሳያቸዋለን» ይላል። ማረፊያ ማለቱ ነው። ሰው ደክሞት ቆመ እንዳይባል ዛፍ ሊያይ ይቆማል። በዚህ ዓይነት ከታች እስከ ፏፏቴው ድረስ ብዙ የሚታይ ዛፍ ተገኘ፣ አንዳንዱማ ከሌላው ዛፍ በምን እንደሚለይ እግዜር ይወቅ።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ነገሩ የተበላሸው ወሬው ዘመድ ጆሮ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ የመጡት አክስቱ ናቸው። የአባቱ እህት፣ ላይኛው መንደር ከኮኮናት ዛፎቻቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ። «እንግዳ ይዘህ በደጄ ሳታልፍማ አይሆንም» አሉት። ይሁን አለ። ቀጥሎ ፈረስ ያለው ጎረቤት፣ «ልጆቹን በፈረሴ ላንሸራሽር።» ይሁን። ከዚያ ሚዜው የነበረው ሰውዬ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ዘፈን ሊዘፍን። ይሁን። ዘፈኑን የሰማ ሰው ሁለተኛ ዋሻ አይገባም፣ ግን ይሁን። መንገዱ እንደ አንጀት ተጠማዘዘ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ለዘመዶቹ የሚሆን ዕቃ አልቆ ከእኔ ቤት ስኒ ተዋሱ።

ወሽመጡ የሚያደርሰው ጀልባ ደግሞ የታላቅ ወንድሙ ነው። ካፒቴን እንላቸዋለን። ጀልባቸው ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፣ ሞተሯም ከእሳቸው ጋር አብሮ ያረጀ ነው፣ ግን ካፒቴን ናቸው። አባታቸው ሲሞት ይሁን ገና ልጅ ነበር፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ሌሊት ሌሊት ባሕር ወጥተው ዓሣ እያጠመዱ። ሌሊት ስለሚሠሩ ጠዋት ይተኛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው በደሴቱ የለም። ጠዋት በደጃቸው ስናልፍ ሁላችንም ድምፃችንን እንቀንሳለን፣ ልጆቹንም አፋቸውን እንይዛቸዋለን። ስለዚህ ይሁን ጫካውን ጠዋት፣ ባሕሩን ከሰዓት አደረገው።

ኃላፊዋ ከመምጣቷ በፊት እኛው እንሞክረው ተባለ። በዕረፍት ቀን እህቴ፣ ልጆቹ፣ አብረውኝ አንሶላ ከሚተኩሱት ሁለት ሴቶች፣ ከኋላ እኔ፣ ወጣን።

አክስትየው ደጃቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ጠበቁን። ኮኮናቱ ተፈለጠ። «ጠጡ።» ጠጣን። «ድገሙ።» ደገምን። ልንነሳ ስንል «ምን አጠፋሁ?» ብለው ፊታቸው ጠቆረ፣ ተመልሰን ተቀመጥን። ከዚያ ፈረሱ መጣ። ፈረሱ ልጆቹን አንድ በአንድ ሲያዞር ቆየ፣ ባለ ፈረሱ ደግሞ አንዲቷን አንሶላ ተኳሽ ካልወጣሽ ብሎ ያዛት። ዋሻው ጋ ሚዜው ሁለት ዘፈን ዘፈነ። ፏፏቴውን ያየነው እየሮጥን ነው። ወሽመጡ ለመድረስ ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ፀሐይ አዘንብላለች፣ ነፋሱም ተነስቷል።

ከወሽመጡ በፊት ወደ ባሕር የገባ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ አፍንጫው እንለዋለን። እሱን መዞር ግድ ነው። እዚያ ስንደርስ ማዕበሉ ከፊት መታን። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጀልባዋ ባለችበት ትረግጣለች፣ ውሃው ጭናችን ላይ ይገባል። ካፒቴን ጥርሳቸውን ነክሰው መሪውን ይዘዋል። አንዷ ጓደኛዬ የምሳ ቅርጫቱን አቅፋ አስመለሰች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከየመሐሉ ጀመርኩ። ይሁን ወንድሙን አየ፣ ወንድሙ እሱን አዩ፣ ጀልባዋ ተመለሰች። አንድ ዓሣ አላየንም። የመጥለቂያ መነጽሮቹ ከከረጢታቸው አልወጡም።

ምድር ስንረግጥ ጓደኛዬ «እኔ ሁለተኛ ባሕር አልወጣም» አለች። «አንሶላ አያስመልስም።»

በማግስቱ ይሁን ድስቶቹ መሐል ቁጭ አለ። ፈረሱን አነሳ። ዘፋኙን አነሳ። የአክስቱን ስኒም አነሳ። ባለቤቶቹን ቀርቦ ማነጋገር ሌላ ጣጣ ቢሆንም ከወለሉ ላይ ማንሳቱ ቀላል ነው። ያም ሆኖ ወሽመጡ የሆነው ክዳን ጋ ሲደርስ ቆመ።

እህቴ ከምድጃው ሳትዞር «ባሕሩ ጠዋት እንደ ሳህን ነው» አለችው። «ለምን ጠዋት አትሄዱም?»

«ጠዋት ጋሼ ይተኛሉ።»

«ይንቁ።»

«ምን ነካሽ? እኔን ሊያሳድጉ ሌሊቱን ሁሉ ባሕር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ እንግዳ ላሳይ ብዬ እንቅልፋቸውን ልቀማቸው?»

«የሌላ ሰው ጀልባ ያዝ።»

የሌላ ሰው ጀልባ መያዝ ወንድሙን በጥፊ ከመምታት አይሻልም። እሷም ታውቀዋለች።

እህቴ እጇን ጠረገች። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣውን አወረደች፣ ውጭ ወጥታ በሳሙና አጥባ አጥሩ ላይ ሰጣችው። ትንሿ ልጅ ሻንጣውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ሄዳ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። ይሁን ይህን ሲያይ ተነሳ።

«ዝምዬ፣ ነይ ጋሼ ቤት አብረን እንሂድ። ምንም አትናገሪም።»

«እሱን እንኳ እችላለሁ» አልኩት።

ካፒቴን ከቤታቸው ጥላ ሥር መረብ ይጠግናሉ። መረቡን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ነበር የያዙት። ተቀመጥን። ይሁን ስለ ነፋሱ አወራ። ስለ መረቡ አወራ። ጣራውን ቀና ብሎ አየና «ይህ ቆርቆሮ ሳይላላ አይቀርም» አለ። እንደገና አየና «ምስማር ላመጣ እችላለሁ» አለ።

«ስማ የኔ ወንድም፣ ጣራዬን ደጋግመህ አየኸው። አይወድቅም። የመጣህበትን ተናገር።»

ይሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጉዞው ነው። አፍንጫው ከሰዓት አይሆንም። እኔ... እንደው ጠዋት ቢሆን ብዬ... ይቅርታ ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ይተውት።»

መረቡን አስቀመጡ።

«ጠዋት?»

«ይተውት አልኩ እኮ።»

«ጠዋት ነው ያልከው? አንተ ሰው፣ አፍንጫውን ከሰዓት መዞር እብደት መሆኑን የሚጠባ ሕፃን ያውቃል! ከሰዓት ስትለኝ እኮ የሆቴሉ ሰዎች ያዘዙህ መስሎኝ ነው። ሥራህ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ነፍሴን ይዤ የወጣሁት!»

«እኔ ደግሞ ጠዋት ስለሚተኙ...»

«ማን ነው እተኛለሁ ያለህ?»

ካፒቴን ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ባሕሩ አዩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን እንድጽፍ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልኛል፣ «አሁን ምን ያሳፍረኛል» ብለው።

«ሌሊት ማጥመድ ከተውኩ ሰነበትኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኔ ጨለማ ላይ እንቢ አለኝ። የራሴን መረብ ከሰው መረብ መለየት አቃተኝ። ሲመሽ ጀልባዋን አወጣና ከድንጋዩ ኋላ አስሬ እቀመጣለሁ። ካፒቴን አረጀ እንዳይባል። ጎሕ ሲቀድ ትንሽ ትንሽ አጠምድና እመለሳለሁ።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ምን እሆናለሁ፣ እጋደማለሁ። ልጆቹን ዝም ስታሰኙ እሰማችኋለሁ። ይህን ያህል ከተጠነቀቃችሁልኝ ብዬ እኔም እንቅልፍ የወሰደው ሰው እመስላለሁ። አንዳንዴ አንኮራፋለሁ።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ከዚያ ካፒቴን ሳቁ፣ ከዚያ ይሁን ሳቀ፣ ሲስቅ ሲስቅ ግን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ወንድሙ እንዳላዩት ሆነው መረባቸውን አነሱ።

«ጠዋት ስንት ሰዓት?» አሉት።

ባሕሩ እንዲህ ተቃና። የቀረው ሰው ነው። ባለ ፈረሱ ብዙም አልተቀየመ። ሚዜው «ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ተገላገልኩ» አለ፣ ውሸቱን ነው። አክስትየው ግን አክስት ናቸው። ይሁን ደጃቸው ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «አክስቴ፣ በእርስዎ በኩል ከዞርን ሳንጨርስ ይመሽብናል። በደጅዎ አናልፍም» አላቸው። እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። አክስትየው ገብተው በሩን ዘጉት።

የሙከራው ቀን ደረሰ። ኃላፊዋ በስፖርት ጫማ መጣች፣ ሰዓቷን እያየች። እንግዶቹ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ እንዲሁም አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ነበሩ። እኔ ምሳ ተሸክሜ ከኋላ ነኝ። ኃላፊዋ «አንቺ የአንሶላዋ አይደለሽም?» አለችኝ። ይሁን ቀድሞኝ «መጨረሻ የምትሄደዋ እሷ ናት፣ ያለ እሷ አልወጣም» አላት።

ባሕሩ በእውነት እንደ ሳህን ነበር። ካፒቴን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቆመዋል፣ የተኮስኩላቸው እኔ ነኝ። አፍንጫውን ስንዞር ጀልባዋ ዝም ብላ አለፈች። ወሽመጡ ላይ እንግዶቹ መነጽር አድርገው ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ከበባቸው። ልጆቹ በውሃው ውስጥ ሲጮኹ ድምፃቸው እንደ አረፋ እየሆነ ይወጣል። እኔ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ከላይ አየኋቸው፣ ለእኔ በቂ ነው።

ምሳ ዋሻው ጋ ተበላ። ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። ወደ ፏፏቴው ወጣን። ሸምገል ያሉት ሴት እግራቸው ሲዘገይ ይሁን ሳይዞር «እዚህ ጋ ዛፍ እናያለን» አለ። አየን። ሁሉም ነገር ልክ ልኩን ይዞ ሲሄድ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አክስትየው ቆመዋል። እግራቸው ሥር የኮኮናት ክምር፣ እጃቸው ላይ ቢላዋ።

«ደጄን ብትዘልሉ እኔ መጣሁ» አሉ። «ተቀመጡ። ሳትጠጡ ማንም አያልፍም።»

እንግዶቹ ቢላዋውን አይተው ቆሙ። ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ እያለ ነበር። እዚህ ከተቀመጡ ፏፏቴውን ሳያዩ ዝናብ ይይዛቸዋል፣ ቢያዩትም ጨለማ ይይዛቸዋል። ኃላፊዋ ይሁንን ታየዋለች። ይሁን ላብ በላብ ሆነ። «ይሁ» ብሎ አፉ ላይ ሲደርስ አየሁት እኮ፣ በዓይኔ አየሁት። ዋጠው።

«አክስቴ፣ አንቀመጥም። እናመሰግናለን፣ ግን አንቀመጥም» አለና እጅ ነስቶ አለፈ። እንግዶቹም ተከተሉት።

አክስትየው ቢላዋውን መቀነታቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው፣ ሁለት ኮኮናት አንስተው ከኋላችን ተነሱ። ጫካው እስኪያስተጋባ ድረስ ይወርዱበት ጀመር።

«በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ! ኩፍኝ ሲይዝህ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ያነጋሁልህ! ዛሬ ፈረንጅ አይተህ ደጄ ጠበበህ? አንተ ብሎ ይሁን! ይሁንነትህ ለባዳ ነው፣ ለእኔ ሲሆን ነው እንቢ የሚያምርብህ?»

የልጆቹ እናት በጣም ተደንቃ በራሷ ቋንቋ ይሁንን ጠየቀችው፣ ሴትየዋ ምን እያሉ ነው? ይሁን ፊቱን ሳይለውጥ መለሰላት። በኋላ ምን አልካት ስለው «ስለ ዛፎቹ ነው የሚያስረዱት አልኳት» አለኝ። እንግዳዋ ወደ አክስትየው ዞራ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። አክስትየው የተስማማችላቸው መስሏቸው ባሰባቸው። «አየህ! ባዳዋ እንኳ ፈረደችልኝ!»

ኃላፊዋ ቋንቋችንን ትሰማለች፣ የእኛው ልጅ ናት። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጫካው ዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዳገቱ ሲከብድ የአክስትየው ድምፅ ቀነሰ፣ ቀጥሎ እግራቸው ቀነሰ። ይሁን ቆመና ደመናውን አየ፣ እኔን አየ። «ዝምዬ፣ አክስቴን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ቀስ ብላችሁ በታችኛው መንገድ ውረዱ» አለኝ። እሱ ከእንግዶቹ ጋር ወደ ፏፏቴው ቀጠለ። በዛፎቹ መሐል የልጆቹ ድምፅ ራቀ።

ሁለታችን ቀረን። ድንጋይ ላይ አረፍን። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ፣ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ከእጃቸው አንዱን ኮኮናት ተቀበልኩና «ልጠጣ?» አልኳቸው። በቢላዋው ፈለጡልኝ። ጠጣሁ።

«አዲሱ አስፋልት በታች ከተሠራ ወዲህ በደጄ ሰው አያልፍም» አሉ እኔን ሳያዩ። «ድሮ ገበያተኛው ሁሉ በእኔ በኩል ነበር። ውሃ ስጪን ይሉኝ ነበር። አሁን ጠዋት ደጄን እጠርጋለሁ፣ ማታ እንደጠረግኩት ነው የማገኘው። አንድም የእግር ኮቴ የለበትም።»

ኮኮናቱን እስከ መጨረሻው ጠጣሁላቸው። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

ዝናቡ ትንሽ ነካን እንጂ ጠንክሮ አልመታንም። ቀስ እያልን፣ እየተደጋገፍን ወረድን። እኛ ከጫካው ስንወጣ ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ልትቀመጥ ጥቂት ነበር የቀራት። የሆቴሉ መኪና የለም፣ እንግዶቹ የሉም። ይሁን ብቻውን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሻል፣ ተረከዙ ተልጦ ነበር። ሲያየን ተነሳ።

«ምነው አልሄድክም?» አልኩት።

«ሁለት ሰው ጫካ ውስጥ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«እንግዶቹስ?»

«ገብተዋል። ፏፏቴው ላይ ልጆቹ አንወጣም ብለው አስቸገሩ፣ እንደምንም አወጣናቸው።» ከዚያ ለራሱም አዲስ እንደሆነ ነገር «ሰጡኝ» አለ።

«ምኑን?» አሉ አክስትየው።

«ሥራውን። አልሄድም አክስቴ። እዚሁ ነኝ።»

እኔ እንባዬ መጣ፣ ዝናቡ ስላረጠበኝ አልታወቀብኝም። አክስትየው ግን ፊታቸው አልተፈታም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ኃላፊዋ ስለ እኔ ምን አለች?»

ይሁን መሬት መሬት አየ። «መንገዱ ላይ እኛ ካልነው ሰው በቀር ማንም እንዳይቆም አለች።»

«እሺ፣ ታዲያ በሚቀጥለው በየት በኩል ነው የምታልፉት?»

ይህን ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። «በታችኛው መንገድ ነው አክስቴ። በእርስዎ በኩል አይደለም።»

ከባሕሩ በኩል ነፋሱ መጣ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ አነሳው።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ጫማህን አድርግ። ሊመሽ ነው፣ ቤቴ አድርሰኝ።»

ተመልሶ ተቀመጠና ጫማውን በተላጠው ተረከዙ ላይ አስገባ፣ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማዶ። ክንዱን ሰጣቸው። እኔ ለእህቴ ልነግራት ወደ ታች ሮጥኩ፣ ሩጫ ከተባለ። ዞር ስል ሁለቱ በአሮጌው መንገድ ወደ ላይኛው መንደር እየወጡ ነበር። አክስትየው አሁንም እየተቆጡት ነው። እሱ ደግሞ ዛፍ ያሳያቸው መሰለኝ፣ ሁለቱም ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።